ሐውልቷ ጀርባዋን ሰጠችን

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። ባለፈው እትማችሁ በቤትና ግቢ ገጽ ላይ ስለ ግቢ ቅርጻ ቅርጽ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንዴ ለብቻዬ። አንዴ ደግሞ ባለቤቴ ጮክ ብላ አነበበችልኝ። ሐውልት ከግቢው መሀል ቢቆም ዓይን ይስባል የምትለዋ መስመር ላይ ስትደርስ ሳቅ አፈናትና ጋዜጣውን አስቀመጠችው። መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች። «አንተ ነህ እንዴ የጻፍከው?» አለችኝ።

እኔ አልጻፍኩትም። ያደረግኩት ግን እኔ ነኝ። ስድስት ዓመት ሆነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ጸሐፊያችሁን ለመንቀፍ ሳይሆን፣ ያንን መስመር አንብቦ ነገ ገመድ ይዞ ወደ ግቢው የሚወጣ አንባቢ ካለ ወገቡን ላተርፍለት ብዬ ነው።

ሥራዬ ቅየሳ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት መሬት ስለካ ኖርኩ። ጡረታ ስወጣ ለራሴ አንድ ስጦታ ልግዛ አልኩና ከአንድ ቀራጺ የሥራ ቦታ አንዲት ልጅ አየሁ። በሲሚንቶ የተሠራች ናት። ጉልበቷን አጥፋ ቁጭ ብላለች፤ ጭኗ ላይ መጽሐፍ ተዘርግቷል፤ አንገቷን ትንሽ ሰበር አድርጋለች። ቁመቷ 80 ሴንቲ ሜትር ነው። የግራ እጇ ጣቶች ገጹን ሊገልጡ ሲሉ ቆም ያሉ ይመስላሉ። እነዚያ ጣቶች ናቸው የገዙኝ። ገንዘቡን የከፈልኩት እኔ ብሆንም።

እዚያ የሥራ ቦታ ውስጥ ትልቅ ነበረች። ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፤ ግራና ቀኙ በዕቃ ተጨናንቋል፤ እሷ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ ዓይን ለዓይን ነው የምንተያየው። ግቢዬ ገብታ ሳሩ ላይ ስትወርድ ግን ደነገጥኩ። አሻንጉሊት አክላለች። መጀመሪያ የተለወጠብኝ መሰለኝ። እውነቱን ለመናገር ሜትር አውጥቼ ለካኋት። 80 ሴንቲ። አልተለወጠችም።

የተለወጠው ጣሪያው ነው። ቤት ውስጥ ዓይናችን የሚለካው ከግድግዳና ከኮርኒስ ጋር እያስተያየ ነው። ውጭ የሚያስተያየው ከዛፍና ከሰማይ ጋር ነው። ሰማይ ደግሞ ማንንም ያሳንሳል። ዕቃው ቤት ውስጥ ልክ ከመሰለህ ውጭ ያንስሃል። ይህን የሚያውቁት ቀራጺዎቹ ናቸው፤ አደባባይ ላይ ለሚቆም የሰው ምስል ከሰው ቁመት ከፍ አድርገው የሚሠሩት ብዙ ጊዜ ለዚህ ነው፤ በሰው ልክ ቢሠራ ያጠረ ሰው ይመስላል። እኔ ግን ቀያሽ ነኝ። ቁጥር እንጂ ዓይን አላምንም ነበር።

እንግዲህ ወደ መሀሉ ልምጣ። ግቢያችን 18 በ12 ነው። ከማዕዘን ማዕዘን ሁለት ገመድ ወጠርኩ፤ የተቆራረጡበት ላይ ችካል መታሁ። ደግሜ ለካሁ። የአንድ ሴንቲ እንኳ ስህተት የለም። በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያማረ ነጥብ ያገኘሁባቸውን ቀናት በጣቴ መቁጠር እችላለሁ። ባለቤቴ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ታየኛለች። «የምንቀመጠው እዚህ ነው፤ አንተ የምትለካው እዚያ ነው» አለች። አልሰማኋትም። ማለቴ ጆሮዬ ሰምቷል።

ፊቷን ወደ በሩ አዞርኩላት። እንግዳ ሲገባ እንድትቀበለው። አሰብኩበት ብዬ ነው። የሆነው ግን ይህ ነው። እንግዳ ከበሩ ተነሥቶ ቤት እስኪደርስ ሃያ እርምጃ ቢራመድ ነው፤ እሱንም መሬት መሬት እያየ። እኛ ግን ማታ ማታ በረንዳው ላይ ሁለት ሰዓት እንቀመጣለን። በሁለቱ ሰዓት ውስጥ የምናየው ጀርባዋን ነው። ጣቶቿን ወድጄ የገዛኋት ልጅ ጀርባዋን ሰጥታኝ ታነባለች። ባለቤቴ አንድ ቀን «ምን በደልናት?» አለችኝ።

መሀል ላይ መቆሟ ሌላም ጣጣ አመጣ። ሳሩን የሚያጭደው ልጅ ዙሪያዋን መዞር አለበት። ልብስ የሚያሰጣው ሰው ዙሪያዋን መዞር አለበት። የልጅ ልጆቼ ኳስ ሲጫወቱ እሷ አምስተኛ ተጫዋች ሆነች። ጆሮዋ ላይ ያለችው ጭረት የዚያን ጊዜ ናት። መሀል ማለት እኮ ሰው የሚያልፍበት ቦታ ነው። ትልቅ ግቢ፣ ቀጥ ያለ መንገድ፣ ግራና ቀኝ እኩል የተተከለ ዛፍ ያለው ሰው መሀሉን ይጠቀምበት። ኖርዌይ ውስጥ ኦስሎ ከተማ ያለው የቀራጺው የጉስታቭ ቪግላንድ ፓርክ ከ200 በላይ ሥራዎች አሉት፤ ዋናዎቹ 850 ሜትር በሚረዝም አንድ ቀጥተኛ መስመር ላይ ተደርድረዋል። ድልድዩ፣ ፏፏቴው፣ ከዚያ ከፍ ብሎ ዓምዱ። 850 ሜትር ላለው ሰው መስመር ያምርበታል። እኔ 18 ሜትር ነው ያለኝ።

ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ሌላው ውርደት መጣ። ልጅቷ ማዘንበል ጀመረች። ሳሩ ላይ ዝም ብዬ ነበር ያስቀመጥኳት፤ 140 ኪሎ ትመዝናለች፤ የት ትሄዳለች ብዬ። አፈሩ ውሃ ሲጠጣ ባንድ በኩል ሰመጠ። ውሃ ልክ ወስጄ ለካሁ። ስድስት ዲግሪ። ሠላሳ አንድ ዓመት ቀያሽ የነበረ ሰው ግቢ ውስጥ ስድስት ዲግሪ ያዘነበለ ሐውልት! ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ «ጋሼ፣ እንቅልፍ ወሰዳት እንዴ?» አለኝ።

ይኼ ቀልድ አይደለም። አንድ ሕፃን ሊደገፍባት፣ ሊንጠለጠልባት ይችላል። ስለዚህ ሁለተኛ ጊዜ ሳቆማት እንደ ሰው አቆምኳት። የግርጌዋ ስፋት 45 በ45 ነው። እኔ 70 በ70 ቆፈርኩ፤ ጥልቀቱ 35 ሴንቲ። ታች 15 ሴንቲ ጠጠር ሞላሁና በደንብ ጠቀጠቅሁት። ውሃው የሚሄድበት እንዲያገኝ ነው። ከላዩ ፌሮ የገባበት 15 ሴንቲ አርማታ አፈሰስኩ። ሳምንት ሙሉ ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጣሁት። የአርማታውን ፊት ዝርግ አላደረግኩትም፤ ውሃ እንዳይተኛበት ከመሀል ወደ ጠርዝ ትንሽ ዝቅ እያለ እንዲሄድ አደረግኩት። መሀሉ ላይ የማይዝግ ብረት ዘንግ ተክዬ የልጅቷ ግርጌ ላይ በተበሳው ቀዳዳ ውስጥ እንዲገባ አደረግኩ። ተራ ፌሮ እንዳትጠቀሙ። ተራ ብረት ሲዝግ ያብጣል፤ ሲያብጥ ሲሚንቶውንም ድንጋዩንም ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ውርጭ ባለበት አገር የሚኖር አንባቢ ካላችሁ ደግሞ ከዚህ ጠለቅ አድርጎ መቆፈር ይኖርበታል፤ ውሃ በረዶ ሲሆን በመጠን 9 በመቶ ያህል ስለሚጨምር ከሥር ገፍቶ ያነሣዋል።

ሁለተኛው ቦታ የትኛው ነበር? አጥሩ ሥር። አጥራችን ልስን ነው፤ ግራጫ። ልጅቷም ግራጫ። አራት ጎረምሳ ጠርቼ፣ በወፍራም ገመድ ተሸክመው፣ ሳሩን ረጋግጠው አስቀመጡልኝና ሄዱ። በረንዳው ላይ ወጥቼ ሳይ የለችም። የት ሄደች? እዚያው ናት። ግድግዳው ውጧታል። አጥሩ ሥር የተጠራቀመ ሲሚንቶ ነው የምትመስለው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ሰው የሚስተው እዚህ ነው። ሁላችንም ስለ ሐውልቱ እንጨነቃለን፤ ከኋላው ስላለው ነገር ማንም አያስብም። ነጣ ያለ ድንጋይ ወይም ሲሚንቶ ጥቁር አረንጓዴ ቅጠል ይፈልጋል። ጥቁር ነሐስ ደግሞ ብርሃን ያለበት ነጣ ያለ ግድግዳ ወይም ሰማይ ከኋላው ሲሆን ነው ጠርዙ የሚለየው። ቀጭን ነገር፣ ለምሳሌ ከሽቦና ከብረት ዘንግ የተሠራ፣ ቅርንጫፍ ፊት ካቆማችሁት ከቅርንጫፉ ጋር ተደባልቆ ይጠፋል። ትንንሽ ቅጠል ያለው ዝም ያለ ቁጥቋጦ ጥሩ ነው። አበባ የበዛበት ቦታ ግን ለሐውልት መጥፎ ጎረቤት ነው፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ያወራሉ።

እና ሦስተኛው ቦታ ከበረንዳው በስተግራ፣ ጥግ ላይ ያለው ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ፊት ሆነ። ከወንበራችን ሰባት ሜትር ነው። እኔ አይደለሁም ያገኘሁት። ባለቤቴ ናት። ወንበሯ ላይ ተቀምጣ በጣቷ አሳየችኝ። ገመድ አልወጠረችም።

ችካል ይዤ ልሮጥ ስል ደግሞ ያዘችኝ። «ቆይ፣ መጀመሪያ ሌላ ነገር አስቀምጥ» አለች። ካርቶን አመጣሁ። ሁለት ካርቶን ደራርበን 80 ሴንቲ አደረግነውና አሮጌ አንሶላ አለበስነው። አንድ ሳምንት ሙሉ እዚያ ተቀመጠ። በዚያ ሳምንት ውስጥ ያወቅኩት ነገር በሠላሳ አንድ ዓመት ካወቅኩት ጋር ቢመዘን እንጃ። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ፀሐዩ ከጎን ይመጣና የአንሶላው እጥፋት ሁሉ ይቆጠራል። ስድስት ሰዓት ላይ ፀሐይ አናት ላይ ሲወጣ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ጨርቅ የለበሰ ካርቶን ብቻ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደግሞ ብርሃኑ በሌላው ጎን ይመጣና ሌላ ነገር ይሆናል። እኛ የምንቀመጠው መቼ ነው? አሥራ አንድ ሰዓት። ስለዚህ የአሥራ አንድ ሰዓቱ ፀሐይ ጣቶቿን ከጎን እንዲነካቸው አድርገን ነው አዙረን ያስቀመጥናት። ከፊት የሚመታ ብርሃን ፊቱን ያበራል እንጂ ቅርጹን አያሳይም። ቅርጽ የሚያሳየው ጥላ ነው። ከቤት ውስጥም አየነው፤ ከማድ ቤቱ መስኮት፣ ከመኝታ ቤቱ። ከማድ ቤቱ መስኮት ግማሹ ብቻ ነው የሚታየው። ባለቤቴ «እሱ ይሻላል፤ ሙሉውን ለማየት እወጣለሁ» አለች።

የት እንደምታይ ደግሞ አለ። የሰው ወይም የእንስሳ ምስል ከሆነ ዓይኑ ወደሚያይበት የእኛም ዓይን ይከተለዋል። አጥሩን የሚያይ ሐውልት እኛንም አጥር ያሳየናል። እሷ የምታየው መጽሐፏን ስለሆነ ዓይናችን እዚያው ይቀራል። ዕድለኛ ነኝ እንጂ አስቤበት አልነበረም። ፊት ለፊቷ ትንሽ ባዶ ቦታ ትተናል፤ ሳር ብቻ። ለሚያነብ ሰው ፋታ ያስፈልገዋል።

ስለ መቆሚያው ደግሞ ላውራ። ወደ ሦስተኛው ቦታ ከመሄዷ በፊት፣ አነሰችብኝ ብዬ ከፍ ላደርጋት አስቤ ነበር። አንድ ሜትር የሚሆን መቆሚያ በድንጋይ አስገነባሁ። አምሮ ተሠራ። ላዩ ላይ ስትወጣ ጎረቤቴ መጣና ባርኔጣውን አወለቀ። «ማን ሞቶ ነው?» አለኝ። እየቀለደ አልነበረም። ቋንቋችን ራሱ ነው፤ ሐውልት ስንል መጀመሪያ የሚታወሰን መቃብርና ጀግና ነው። ቁጭ ብላ መጽሐፍ የምታነብ ልጅ አንድ ሜትር ከፍታ ላይ ስትወጣ በሕይወት የሌለች ትመስላለች። መቆሚያውን በሳምንቱ አፈረስኩት።

በዚህ ብቻዬን አይደለሁም። ፈረንሳዊው ቀራጺ ኦጉስት ሮዳን «የካሌ ዜጎች» የሚባለውን የስድስት ሰዎች ሥራውን ሰው በቅርብ እንዲያየው፣ መሬት ላይ ዝቅ ብሎ እንዲቆም ይፈልግ ነበር። የካሌ ከተማ ሰዎች ግን እ.ኤ.አ. በ1895 ሲያስመርቁት ከፍ ያለ መቆሚያ ላይ አውጥተው በብረት አጥር ከበቡት። ዝቅ ያለው እ.ኤ.አ. በ1924 ነው፤ ሮዳን ከሞተ ከሰባት ዓመት በኋላ። ሌላው ቀራጺ ብራንኩሺ ደግሞ መቆሚያውን ራሱ ነበር የሚሠራው፤ እንጨቱን ከድንጋዩ፣ ድንጋዩን ከነሐሱ እየደራረበ፣ መቆሚያውና ሥራው የት ላይ እንደሚለያዩ እስኪያጠራጥር ድረስ።

እኔ በጡብ ሞከርኩት። ሲሚንቶ ሳልጨምር፣ ደረቅ ጡብ። አምስት ረድፍ፣ አራት ረድፍ፣ ሦስት ረድፍ። ካርቶኑን ከላይ እያስቀመጥኩ፣ ባለቤቴ ከወንበሯ «ይወረድ» እያለች። ሁለት ረድፍ ላይ «በቃ» አለች። ሁለት ረድፍ ማለት ጣቶቿ ቁጭ ካለ ሰው ዓይን ትንሽ ዝቅ ብለው የሚታዩበት ነው። ቆማችሁ የምታዩት ከሆነ ሌላ ከፍታ ይሆናል። ቁጥሩን አትውሰዱ፤ ጡቡን ውሰዱ።

አሁን ስለ ብረቷ ልናገር፤ ልጄ ይህን ካነበበች ይቅር ትበለኝ። ልጄ ለልደቴ የዛገ ብረት ሥራ አመጣችልኝ። ዝገቱ ሆን ተብሎ ነው፤ ኮርተን የሚሉት ዓይነት ብረት ነው፤ ዝገቱ ራሱ እየጠነከረ የውስጡን ብረት ይጠብቃል። ደስ የሚል ነው፤ ወገቡ ላይ የተጣመመ ላሜራ ነው፤ ማታ ፀሐይ ሲነካው ፍም ይመስላል። በረንዳው ፊት ያለው ነጭ ንጣፍ ላይ አስቀመጥነው። ዝናብ መጣ። ዝገቱ በውሃው ታጥቦ ወረደና ንጣፉ ላይ የቡናማ ጅረት ሠራ። በሳሙና ፈተግን፣ በሆምጣጤ ፈተግን። ዛሬም አለ። እንዲህ ያለው ብረት በተለይ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ያለቅሳል። ጠጠር ላይ ወይም ቅጠል መሀል ነበር መቆም ያለበት፤ አሁን እዚያ ነው። ውሃ ሥሩ እንዳይተኛ ማድረግም ያስፈልጋል፤ ያ ዝገት ጠባቂ የሚሆነው ሲረጥብና ሲደርቅ እንጂ ውሃ ውስጥ ሲዘፈዘፍ አይደለም።

ነሐስም ያለቅሳል፤ የእሱ እንባ አረንጓዴ ነው፤ ከመዳቡ የሚመጣ። ነጭ ድንጋይ ላይ ካቆማችሁት ድንጋዩ አረንጓዴ መስመር ይይዛል። ነሐስ ላይ በዓመት አንዴ ሰም ቀባ ማድረግ፣ ለስላሳ ጨርቅ ማሸት፤ ይኸው ነው። የወፍ ኩስ ቶሎ ይጠረግ። ማዳበሪያ ስትበትኑ እንዳይደርስበት ተጠንቀቁ፤ ውስጡ ያለው አሞኒያ ነሐስን ይበላል። እንጨት ከሆነ አፈር አይንካ፤ ከሥሩ ድንጋይ ወይም ብረት ይግባና አየር ይለፍበት። መሰንጠቁን ግን አትፍሩ፤ እንጨት ነዋ። ሸክላ በረዶ በማይነካበት ቦታ ግሩም ነው። እብነ በረድ ስስ ነው፤ አሲድ ያለበት ዝናብ ቀስ እያለ ውሃ እንደነካው ስኳር ያሟሟዋል፤ የፊት ቅርጽ ከጊዜ ጋር ይደበዝዛል። ግራናይት ከሁሉም ቻይ ነው፤ ግን ጥሩ አድርጎ የሚጠርበው ሰውም ቻይ መሆን አለበት።

የሳር ማጠጫው ደግሞ አለ። በየቀኑ ውሃ የሚረጭባት ከሆነ ውሃው ሲደርቅ ነጭ የኖራ ጠባሳ ይተዋል። የእኛን ማጠጫ ያዞርኩት ዘግይቼ ነው፤ የልጅቷ ቀኝ ትከሻ ላይ ምልክቱ አለ።

ስለ ድንጋይ ሽበት ከባለቤቴ ጋር አሁንም አልተስማማንም። በሦስተኛው ዓመት ትከሻዋና የመጽሐፉ ጠርዝ ላይ አረንጓዴና ቢጫ ሽበት ወጣ። እኔ የሽቦ ብሩሽ አምጥቼ ነበር። ነጠቀችኝ። በኋላ ሳጣራ እሷ ልክ ነበረች፤ የሽቦ ብሩሽ ፊቱን ይቧጥጠዋል፤ በረኪና ውስጡ ገብቶ ይጎዳዋል፤ በኃይል የሚረጭ የመኪና ማጠቢያ ውሃም የላይኛውን ገጽ ይነቅላል። ማጽዳት ከተፈለገ ንጹህ ውሃና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል። እሷ ግን ከነጭራሹ አይጽዳ ነው የምትለው። አርጅታ ደስ ትላለች፣ እኛም አርጅተናል፣ ትላለች። እኔ ጣቶቿ እንዳይሸፈኑ ብቻ በዓመት ሁለቴ በጥርስ ብሩሽ አጸዳለሁ። እሷ ሳታይ።

መብራቱን ልርሳው? አልረሳውም። መብራት ያስገባሁት ከሥር ነበር፤ አገጯ ሥር ወደ ላይ የሚያበራ። የመጀመሪያው ማታ የልጅ ልጄ መስኮት ከፍታ አይታ ጮኸች። ከሥር የበራ ፊት አስፈሪ ነው፤ ልጆች ባትሪ አገጫቸው ሥር አድርገው የሚያስፈራሩት ለዚህ አይደል? አሁን መብራቱ ከጎን፣ ከቁጥቋጦው ውስጥ ነው፤ ደብዘዝ ያለ። ብዙ ማታ ጭራሽ አናበራውም።

ጎረቤቴ፣ ያው ባርኔጣውን ያወለቀው፣ በእኔ ተነሣሥቶ ገዛ። አንበሳ ገዛ። ከዚያ ንሥር። ከዚያ ሁለት ሽመላ፣ አንድ መልአክ፣ አንድ ጉርድ ሰው። ያ ሁሉ 9 ሜትር ግቢ ውስጥ ነው። አክባሪው ነኝና ፊት ለፊት አልነገርኩትም፤ ይህን ጋዜጣ ደግሞ አያነብም። ግቢው ውስጥ ስገባ የቱን እንደማይ አላውቅም፤ ሁሉም ጠሪ ነው። አንበሳው ብቻውን ቢሆን፣ ደረጃው ሥር፣ ትንሽ ቅጠል ሸፍኖት ድንገት ቢታይ አንበሳ ይሆን ነበር።

ግቢዬ ጠባብ ነው የሚል አንባቢ ግን ተስፋ አይቁረጥ። ባርባራ ሄፕወርዝ የምትባለዋ ቀራጺ እ.ኤ.አ. በ1949 ሴንት አይቭስ በምትባል የእንግሊዝ የባሕር ዳርቻ ከተማ፣ ቤቶች መሀል ያለች በአጥር የተከበበች ግቢ ገዛች። እ.ኤ.አ. በ1975 እስከሞተችበት ድረስ እዚያው ሠራች፤ ሥራዎቿንም በገዛ እጇ በዛፎቹ መሀል አስቀመጠች። ግቢው በቀጣዩ ዓመት ለሕዝብ ተከፈተ። ሥራዎቿ ብዙዎቹ መሀላቸው ክፍት ነው፤ በቀዳዳው ውስጥ ሌላ ቅጠል፣ ሌላ ድንጋይ፣ የሰማይ ቁራጭ ይታያል። ሁሉን በአንድ ጊዜ የሚያሳይ ቦታ የለም፤ ሰው በጠባቧ መንገድ ሲዞር አንዱ ይሰወርና ሌላው ይወጣል። እኔ መሀሉ ላይ ችካል ስመታ ያጠፋሁት ይህንኑ ነበር። ከበሩ ሆኖ ሁሉን ያየ ሰው ለምን ይገባል?

ልጆች ይነኳታል ብላችሁ አትሥጉ። እንግሊዛዊው ቀራጺ ሄንሪ ሙር ከታላላቅ የነሐስ ሥራዎቹ አንዱን በጎች የሚግጡበት ሜዳ ላይ ነበር ያቆመው፤ በጎቹም ይታከኩበት፣ ጥላው ሥር ይተኙ ነበር። የእኛዋም ጭን ላይ ትንሿ የልጅ ልጄ እየወጣች መጽሐፉን «ታነባለች»። የመጽሐፉ ቀኝ ገጽ ከመነካካት ብዛት ለስልሷል፤ እዚያ ጋ ሽበት የሚባል ነገር አይወጣም። ለዚህ ነው ዘንጉን ቀድሜ የተከልኩት።

አንድ ልመና አለኝ። ከጽሑፉ ጋር ያወጣችሁት ፎቶ ከላይ፣ ምናልባት ከሰገነት ላይ የተነሣ ነው። ከዚያ ሆኖ ሲታይ መሀሉ በእውነት ያምራል፤ የእኔ ገመዶችም ከላይ ቢታዩ ያምሩ ነበር። ግን ሰገነት ላይ ቆሞ ግቢውን የሚያይ ማን ነው? በሚቀጥለው ጊዜ ፎቶ አንሺያችሁ ባለቤቱ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ያንሣልን።

ሁለተኛ ልንገዛ ነው። ሁለታችንም የወደድነው አንድ ድንጋይ አለ፤ ቁመቱ 1 ሜትር ከ40፣ መሀሉ ክፍት የሆነ። ገና አልከፈልንም። ከመታጠቢያ ቤቱ መስኮት ፊት ለፊት፣ እሱ ይቆማል ባልነው ቦታ ላይ፣ 1 ሜትር ከ40 የሚሆን እንጨት ተክለን ጆንያ አልብሰነዋል። ሁለት ወር ሆነው። ባለፈው እሁድ ጎረቤቴ በአጥሩ ብቅ ብሎ ብዙ ካየው በኋላ «ጋሼ፣ ይኼኛው ከሁሉም ይሻላል፤ ስንት ገዛችሁት?» አለኝ። ባለቤቴ ቀድማኝ «ገና እየተከራከርን ነው» አለችው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ጡረተኛ ቀያሽ